ጉዞን የሕይወት ልማድ ማድረግ፦ ሀገራቸውን ለመጎብኘት ለሚነሡ ዜጎች የተዘጋጀ መረጃ

ይህ መረጃ ሀገራቸውን ተዘዋውረው ለማየት እየፈለጉ ከየት እንደሚጀመር፣ ምን ያህል ጊዜና ወጪ እንደሚጠይቅ፣ ምን ዓይነት ቅድመ ዝግጅት እንደሚያስፈልግ በግልጽ ላላወቁ ዜጎች የቀረበ ነው። ጉዞን በአንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃ ክስተት ሳይሆን በየዓመቱ የሚታቀድ የኑሮ ክፍል ለማድረግ የሚረዱ ነጥቦች በቅደም ተከተል ተዘርዝረዋል።

ጉብኝት ለማን ነው?

በብዙዎች ዘንድ ጉብኝት የውጭ ሀገር ዜጎች ወይም ገንዘብ የተረፋቸው ሰዎች ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያውያን ከጉዞ ጋር ያላቸው ትውውቅ እጅግ የቆየ ነው። ኅዳር 21 ቀን ወደ አክሱም ጽዮን፣ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጓዘው ምእመን፣ እንዲሁም ወደ ባሌ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚተመው ሕዝብ አብዛኛው ባለጸጋ አይደለም። ስንቁን ቋጥሮ፣ ወጪውን ቀደም ብሎ አጠራቅሞ፣ ከጎረቤትና ከዘመድ ጋር ተሰባስቦ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ጉዞን የሚወስነው የኪስ ስፋት ብቻ ሳይሆን ዝግጅትም ጭምር ነው።

የሀገር ውስጥ ጉዞ ለተጓዡ ከሚሰጠው ዕውቀትና ዕረፍት ባሻገር በመዳረሻዎች ዙሪያ ለሚኖረው ኅብረተሰብ የህልውና ጉዳይ ነው። በሰሜን ተራሮች ጎብኚዎችን የሚያጅቡ ስካውቶችና በቅሎ አከራዮች፣ በወንጪ ፈረስ የሚያከራዩ አርሶ አደሮች፣ በዶርዜ ሸማ የሚሠሩ ቤተሰቦች፣ በላሊበላ አነስተኛ ማረፊያ ያላቸው ነዋሪዎች የዕለት ገቢያቸው ከእንግዳ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ዓለም አቀፍ ጉዞን ባቋረጠበት ወቅት፣ የውጭ ጎብኚን ብቻ ጠብቆ የሚኖር መዳረሻ በአጭር ጊዜ ገቢው ሊደርቅ እንደሚችል በግልጽ ታይቷል። ዜጎች በራሳቸው ሀገር የሚያደርጉት ጉዞ ይህን ክፍተት በተወሰነ ደረጃ ይሞላል፤ ያወቁትንና ያዩትን ቅርስ የመጠበቅ ፍላጎትንም ያሳድጋል።

ጊዜን ማመቻቸት

ብዙ ሰዎች ለጉዞ ጊዜ እንደሌላቸው ይናገራሉ። በሕግ የተሰጠን የዕረፍት ጊዜ ማወቅ የመጀመሪያው መፍትሔ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአንድ ዓመት አገልግሎት ደመወዝ የሚከፈልበት የ16 የሥራ ቀናት የዓመት ዕረፍት የማግኘት መብት አለው። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ የሁለት ዓመት አገልግሎት አንድ የሥራ ቀን ይታከላል። ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማ ዕረፍቱ ለሁለት ተከፍሎ ሊሰጥ ይችላል። የመንግሥት ሠራተኞች ዕረፍት በተለየ ሕግ የሚመራ በመሆኑ ዝርዝሩን ከመሥሪያ ቤታቸው የሰው ሀብት ክፍል መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

በተግባር የዓመት ዕረፍት በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በሕመምና በግል ጉዳይ ተሸራርፎ ማለቁ የተለመደ ነው። ይህን ለማስቀረት በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ሦስት የሥራ ቀናትን ብቻ ለጉዞ ለይቶ ማስመዝገብ ይመከራል። ሦስቱ ቀናት ከቅዳሜና እሑድ ጋር ሲገናኙ አምስት ቀን ይሆናሉ፤ ይህም አንድ ራቅ ያለ አካባቢን ለመጎብኘት በቂ ነው። ለመንፈሳዊ ጉዞ የሚነሡ ዜጎችም በጉዟቸው ላይ አንድ ወይም ሁለት ቀን በመጨመር ሌሎች መዳረሻዎችን ማየት ይችላሉ። ለምሳሌ ወደ ቁልቢ የሄደ ሰው ከድሬዳዋም ከሐረርም ብዙ የማይርቅ ቦታ ላይ ስለሚገኝ፣ ለመጓጓዣ ብዙ ተጨማሪ ወጪ ሳያወጣ የሐረር ጀጎልን ሊጎበኝ ይችላል።

ወጪን ማቀድ

የጉዞ ወጪ በአራት ይከፈላል፦ መጓጓዣ፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ የመግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ። አራቱ ለየብቻ ተጽፈው ከተደመሩ በኋላ የድምሩ አምስተኛ እጅ ለድንገተኛ ጉዳይ መጠባበቂያ ሆኖ ቢያዝ ተጓዡ በመንገድ ላይ ከመቸገር ይድናል።

ወጪን ለመቀነስ የሚከተሉት መንገዶች ይጠቅማሉ፦

1. የጉዞ ዕቁብ መጣል። በመሥሪያ ቤት፣ በሰፈር ወይም በቤተሰብ ደረጃ የሚጣል አነስተኛ ወርኃዊ ዕቁብ ዓመታዊ ጉዞን ያለ ብድር ለመሸፈን ያስችላል። ለጉዞ ዓላማ ሲሆን ገንዘቡን ለአንድ ሰው ከመስጠት ይልቅ እስከ ጉዞው ቀን በጋራ ሒሳብ ማስቀመጥ ይሻላል።

2. በቡድን መጓዝ። አንድ ሚኒባስ ለብዙ ሰው ሲከፋፈል የነፍስ ወከፍ ወጪው ይቀንሳል። ከመዋዋል በፊት የተጠየቀው ዋጋ ነዳጅን፣ የሹፌር አበልንና ማደሪያን ማካተቱን በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ብዙ አለመግባባት የሚነሣው ይህ ሳይለይ በመቅረቱ ነው።

3. የ"ሀገርህን እወቅ" ክበባት አባል መሆን። በትምህርት ቤቶችና በመሥሪያ ቤቶች የሚቋቋሙ እነዚህ ክበባት ልምድ ለሌለው ተጓዥ ጥሩ መነሻ ናቸው።

4. መታወቂያ መያዝ። በብዙ መዳረሻዎች ለኢትዮጵያውያን የተተመነው የመግቢያ ክፍያ ለውጭ ሀገር ጎብኚዎች ከተተመነው ያነሰ ነው። የከፈሉበትን ደረሰኝ መቀበልና መያዝ የተጓዡ መብትና ግዴታ ነው።

ከቅርብ መጀመር

ጉዞን ልማድ ለማድረግ የሚበጀው ከቅርብ ወደ ሩቅ መሄድ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ሩቅና አድካሚ ጉዞ የመረጠ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን አያስብም።

ሀ. በሚኖሩበት ከተማ። የመጀመሪያው ጉዞ የከተማ ታክሲ ከሚያደርስበት ርቀት ሊጀምር ይችላል። በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችውንና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላትን ድንቅነሽን የሚያስተዋውቀውን ብሔራዊ ሙዚየም፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያን፣ የእንጦጦ ፓርክን ለመጎብኘት ማደሪያ አያስፈልገውም። የጅማ ነዋሪ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት፣ የጎንደር ነዋሪ የፋሲል ግቢን፣ የባሕር ዳር ነዋሪ የጣና ገዳማትን፣ የመቀሌ ነዋሪ የዐፄ ዮሐንስን ቤተ መንግሥት፣ የሐረር ነዋሪ የጀጎልን ሙዚየሞች ከልጆቹ ጋር አይቶ እንደሆነ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል።

ለ. ደርሶ መልስ በአንድ ቀን። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው የቡታጅራ መንገድ ለመጀመሪያ ጉዞ ተስማሚ ነው። በዓለም ገና በኩል የሚወጣው ይህ መንገድ ሁለት የዓለም ቅርሶችን ያገናኛል። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር የሚገኘው የመልካ ቁንጥሬ የቅድመ ታሪክ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ2024 ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጢያ ትክል ድንጋዮች የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን፣ በሥፍራው 36 ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። አብዛኞቹ የሰይፍና የሌሎች ምልክቶች ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። በሁለቱ መካከል ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ከአለት የተፈለፈለው የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።

በዚህ መስመር የሚጓዝ ሰው ከጠዋቱ 12፡30 ላይ ተነሥቶ መጀመሪያ ወደ ሩቁ፣ ማለትም ወደ ጢያ፣ እንዲሄድና የቀሩትን በመመለሻው እንዲያይ ይመከራል። እንዲህ ሲደረግ ሰዓት ቢያጥር የሚታለፈው ለቤት የቀረበውና በሌላ ቀን በቀላሉ የሚደረስበት ይሆናል። በሕዝብ ማመላለሻ የሚጓዝ ሰው ወደ ቡታጅራ በሚሄድ መኪና ተሳፍሮ ጢያ ከተማ መውረድ ይችላል፤ ትክል ድንጋዮቹ ከመንገዱ ብዙ አይርቁም። አዳዲ ማርያም ግን ከዋናው መንገድ ስለሚርቅ የራሱ ወይም የኪራይ መኪና ለሌለው ሰው በአንድ ቀን ባይታከል ይሻላል።

የቢሾፍቱ ሐይቆችና የደብረ ሊባኖስ ገዳምም ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ የሚቻልባቸው ናቸው።

ሐ. ከሁለት እስከ ሦስት ቀን። በስምጥ ሸለቆ መንገድ የደምበል፣ የላንጋኖ፣ የአቢጃታና የሻላ ሐይቆችን አይቶ ሐዋሳ ማደር ለቤተሰብ የሚመች ጉዞ ነው። የወንጪ ሐይቅና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኖ የተመረጠ ሲሆን፣ የእግርና የፈረስ ጉዞ ለሚወዱ ይስማማል። በምሥራቅ በኩል የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሳላንና ሌሎች የቆላ እንስሳትን ለማየት ያስችላል።

መ. አምስት ቀንና ከዚያ በላይ። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ጎንደርና የሰሜን ተራሮች፣ ላሊበላ፣ አክሱም፣ አርባ ምንጭና ኮንሶ፣ ሐረርና ድሬዳዋ በዚህ ምድብ ይካተታሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. እስከ 2024 ድረስ 12 የሚዳሰሱና የተፈጥሮ ቅርሶችን በዓለም ቅርስነት አስመዝግባለች። በዓመት አንዱን ብቻ የሚያይ ቤተሰብ እንኳ ልጆቹ ከአንደኛ ክፍል ተነሥተው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ ሁሉንም ማዳረስ ይችላል።

ወቅትን መምረጥ

በአብዛኛው የሀገራችን ደጋማ ክፍል ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ክረምት በመሆኑ ጥርጊያ መንገዶች ይበላሻሉ፤ ተራሮችም በጉም ይሸፈናሉ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ምድሩ ለምለም፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ ለተራራ ጉዞ የተመረጠ ወቅት ነው። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላማ አካባቢዎች ግን ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሚጥል የደጋውን የወቅት አቆጣጠር ለእነርሱ መጠቀም ያሳስታል። የአፋር ዝቅተኛ ሥፍራዎች ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ካልሆነ በቀር ሙቀታቸው እጅግ ከባድ ነው።

የሕዝብ በዓላትን ለማየት የሚፈልጉ ተጓዦች ደመራን መስከረም 16፣ መስቀልን መስከረም 17፣ ከተራን ጥር 10፣ ጥምቀትን ጥር 11 ቀን መሠረት አድርገው ሊያቅዱ ይችላሉ። የኢሬቻ፣ የሲዳማ ፍቼ ጨምበላላና የሐረሪ ሹዋሊድ በዓላት ቀን በየዓመቱ ስለሚለያይ አስቀድሞ ከየክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ መጠየቅ ይገባል። በበዓል ሰሞን የማደሪያ ዋጋ ስለሚጨምርና ክፍሎች ስለሚያዙ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። በዓሉ ሳይሆን ቅርሱ ብቻ የሚያጓጓው ተጓዥ ከበዓል በኋላ ባሉት ሳምንታት ቢሄድ በእርጋታና በቅናሽ ዋጋ ይጎበኛል።

ከመነሣት በፊት ሊረጋገጡ የሚገባቸው ጉዳዮች

ጸጥታ። የመንገድና የአካባቢ ጸጥታ ሁኔታ ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ከመነሣትዎ ከአንድ ሳምንት በፊትና እንደገና በዋዜማው ከመዳረሻው ወረዳ አስተዳደር፣ ከፖሊስ ወይም ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት መረጃ ይጠይቁ። ስጋት መኖሩ ከተነገረዎ ጉዞውን ያስተላልፉ፤ ቅርሱ ይቆይዎታል። በማያውቁት መንገድ በሌሊት አይጓዙ። የጉዞዎን መሥመር፣ የሚያድሩበትን ቦታና የሚመለሱበትን ቀን ቤት ለሚቀር ሰው በጽሑፍ ይተዉ።

ሰነድ። የፋይዳ ወይም የነዋሪነት መታወቂያ በፍተሻ ኬላዎችና በማረፊያ ቤቶች ይጠየቃል። ዋናውን ይያዙ፤ ፎቶ ኮፒውን በሌላ ሻንጣ ያስቀምጡ። በራሳቸው መኪና የሚጓዙ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የመድን ሰነድና የዓመታዊ ምርመራ ማረጋገጫ መያዛቸውን ያረጋግጡ።

ጤና። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች በሆኑ አካባቢዎች ወባ ሊኖር ስለሚችል በአጎበር መተኛትና ከምሽት ጀምሮ ሰውነትን መሸፈን ያስፈልጋል። በአንጻሩ በባሌ የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ራስ ዳሽን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ናቸው። የልብ፣ የአስም ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባቸውና ነፍሰ ጡር የሆኑ ተጓዦች ከመሄዳቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። በከፍታ ላይ ብርቱ ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም የትንፋሽ ማጠር የገጠመው ሰው ሳይዘገይ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ አለበት። የዘወትር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከጉዞው ቀናት የሚበልጥ መጠን ይያዙ። ቢልሃርዚያም ሆነ አዞ ሊኖር ስለሚችል የአካባቢው ሰው ሳይፈቅድ በሐይቅና በወንዝ አይዋኙ።

መጓጓዣና አስጎብኚ

አውቶቡስ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት መኪናው ከየትኛው መናኸሪያ እንደሚነሣ ያጣሩ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የተለያዩ አቅጣጫዎች የተለያዩ መናኸሪያዎች አሏቸው። ትኬት ከመናኸሪያው መስኮት ወይም ከድርጅቱ ቢሮ ብቻ ይግዙ። ወደ ምሥራቅ ለሚጓዙ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ በአዳማ በኩል ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር አማራጭ ስለሆነ የመነሻ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል።

በመዳረሻው ሲደርሱ ፈቃድ ያለው የአካባቢ አስጎብኚ ይቅጠሩ። ክፍያውን፣ የጉብኝቱን ሰዓትና የሚታዩትን ቦታዎች ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ይስማሙ። በሰሜን ተራሮች ለመጓዝ ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ በባሌ ደግሞ ዲንሾ በሚገኘው ጽሕፈት ቤት መመዝገብና የመግቢያ ክፍያ መፈጸም ያስፈልጋል። ያለደረሰኝ ገንዘብ የተጠየቀ ወይም አገልግሎት የተጓደለበት ተጓዥ ቀኑን፣ ቦታውንና የተከፈለውን መጠን ጠቅሶ ለወረዳው ወይም ለክልሉ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።

በመዳረሻው ላይ የጎብኚ ግዴታዎች

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ማበላሸትም ሆነ ያለፈቃድ ከሀገር ማውጣት በሕግ ያስጠይቃል። በትክል ድንጋይና በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ስም መጻፍ፣ ከቅድመ ታሪክ ሥፍራ ድንጋይ ወይም አጥንት አንሥቶ መውሰድ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ከቦታው የተነሣ የድንጋይ መሣሪያ ለተመራማሪ የሚሰጠው መረጃ አብሮት ይጠፋል። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ጫማ ማውለቅና በአግባቡ መልበስ፣ ለሥዕላት ጉዳት ስለሚያደርስ የካሜራ ብልጭታ አለመጠቀም ይገባል። ሰውን ፎቶግራፍ ለማንሣት አስቀድመው ያስፈቅዱ። ለዱር እንስሳት ምግብ አይስጡ፤ ጭላዳና ዝንጀሮ ከሰው እጅ መብላት ከለመዱ የአርሶ አደሩን ማሳና የጎብኚውን ዕቃ መዳፈር ይጀምራሉ። የያዙትን ፕላስቲክ ይዘው ይመለሱ።

ልጆች፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች

ከልጆች ጋር ሲጓዙ በቀን ከአራት ሰዓት በላይ በመኪና አለመሄድና በቀን አንድ ዋና ቦታ ብቻ ማሳየት ይበቃል። ላሊበላን የመሳሰሉ ሥፍራዎች ወጣ ገባ ደረጃዎችና ጠባብ መተላለፊያዎች ስላሏቸው ለመራመድ የሚቸገሩ ተጓዦች ከውጭ የሚታዩትን ክፍሎች ከአስጎብኚው ጋር አስቀድመው ይለዩ። ማረፊያ ሲይዙ የመሬት ወለል ክፍልና የመጸዳጃ ቤቱን ሁኔታ በስልክ መጠየቅ ብዙ እንግልት ያስቀራል።

በውጭ ሀገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን

የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካርድ ያላቸው ሰዎች ያለ ቪዛ ወደ ሀገር መግባት ይችላሉ። ለቤተሰብ ጥየቃ ከሚመጡበት ጊዜ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተወሰኑ ቀናትን ለጉብኝት ለይቶ ማስያዝ ይመከራል፤ አለዚያ ቀናቱ በግብዣና በጥየቃ ያልቃሉ። በውጭ የተወለዱ ልጆችን ይዘው የሚመጡ ወላጆች የአያቶችን የትውልድ ቀዬ የጉዞው የመጀመሪያ መዳረሻ ቢያደርጉት ሌላው ታሪክ በቀላሉ ይገባቸዋል።

ልማዱን ማጽናት

ከጉዞ በተመለሱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ትክክለኛውን ወጪ፣ የረዱዎትን አስጎብኚዎች አድራሻና ሳይታዩ የቀሩ ቦታዎችን በአንድ ደብተር ይመዝግቡ። ይህ ደብተር ለቀጣዩ ጉዞ የበጀት መነሻ፣ ለጎረቤትና ለሥራ ባልደረባም መምሪያ ይሆናል። ቀጣዩን መዳረሻና ወር ደብተሩ ሳይዘጋ ይወስኑ፤ ዕቁቡንም በዚያው ወር ያስጀምሩ።

ለመጀመር ሦስት ነገሮች ይበቃሉ፦ ከሚኖሩበት ከተማ በአንድ ቀን ደርሶ የሚመለሱበትን አንድ ቦታ መምረጥ፣ ቀኑን መቁረጥ፣ አብሮ የሚሄድ ሰው ማግኘት። የመዳረሻዎችን ወቅታዊ ሁኔታ፣ የመግቢያ ክፍያና የመክፈቻ ሰዓት በተመለከተ ተገልጋዮች በየክልሉና በየወረዳው የሚገኙ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶችን እንዲጠይቁ እናሳስባለን።

መልካም ጉዞ!